የኋለኛው ክፍል ጠባቂ

ሐዘን አንድ ቦታ ያቆመን ሁላችሁም፤ አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ። ከታች ሰፈር የመጣችሁ የሟች ቤተሰቦች። ከላይ ሰፈር፣ ከኔ ሰፈር፣ አንገታችሁን ደፍታችሁ የመጣችሁ ጥቂቶች። እዚያ ራቅ ብላችሁ ከግንቡ ሥር የቆማችሁ ወጣቶችም ጭምር። እግራችሁ እንደዛለ አውቃለሁ። ፀሐዩም በርትቷል። ቢሆንም ትንሽ ታገሡኝ። አፈሩ ከመመለሱ በፊት ሲስተርን በወጉ ልሸኛት።

ሲስተር ነው የምላት። እናንተም ሲስተር ነው የምትሏት። ወላጆቿ ያወጡላትን ስም ብጠራ ግማሻችሁ «ደግሞ እሷ ማን ናት?» ትሉኛላችሁ። በዚህ ከተማ ሲስተር ያልወጋችው ክንድ፣ ሲስተር ያልሰፋችው ቁስል ካለ ባለቤቱ እጁን ያውጣ። አየሁ፤ የለም።

እኔ የታሪክ አስተማሪ ነበርኩ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በሲስተር ሙዚየም ጎብኚ አስጎበኛለሁ። አለቃዬ ነበረች። በዕድሜም ትበልጠኛለች። መጀመሪያ አንቱ ስላት «አንቱ የምትለኝ ልትቀብረኝ ነው?» ብላ ከለከለችኝ። ስለዚህ ዛሬም አንቺ እላታለሁ። አትታዘቡኝ።

ሙዚየሙን ስንቶቻችሁ አይታችሁታል? ተዉት፣ አላሳፍራችሁም። የድሮው የእህል መጋዘን ነው። ዝናብ ሲዘንብ ቆርቆሮው ስለሚጮህ እኛም እየጮህን ነበር የምናስረዳው። ሦስት ክፍል አለው። አንደኛው ውስጥ የድሮ ሚዛን አለ፤ የትምህርት ቤቱ የመጀመሪያ ደወል አለ፤ ድልድዩ ሲሠራ የተነሣ ፎቶግራፍ አለ። ሁለተኛው ውስጥ የሙሽራ ልብሶች፣ የእጅ ስፌት መኪና፣ አንድ የፀጉር አስተካካይ ወንበር። ሰው እስከዚህ ደስ ብሎት ነው የሚመጣው። «እቤታችን እንዲህ ያለ ሚዛን ነበር» ይላል። ይስቃል። ፎቶ ይነሣል።

ከዚያ የኋለኛው ክፍል አለ።

የኋለኛው ክፍል ውስጥ ያለው የእሳቱ ዓመት ነው። በመጥረቢያ የተፈለጠ የቤት በር። ጥይት የበሳሳው ቆርቆሮ። ግማሹ የቀለጠ የሕፃን ጫማ። አንድ ጊዜ ከንቲባው ሊጎበኝ መጣ። ሚዛኑን አደነቀ፣ ደወሉን ራሱ ደወለው። የኋለኛው ክፍል ደጃፍ ላይ ሲደርስ ስልክ ተደወለለት። ስልኩ ግን አልጮኸም። ጆሮው ላይ ለጥፎ «እሺ፣ እሺ፣ መጣሁ» እያለ ወጣ። ሰንበትበት ብሎ መልእክተኛ ላከ። ያ ክፍል ቢዘጋና እንግዳ የሚያስደስት ነገር ቢደረግበት አለ። ሲስተር ምን ብላ መለሰች? «ቁስል ሳይጸዳ ከላይ ከተሰፋ ይመግላል ብለህ ንገርልኝ» አለችው። «ከፈለገ ይምጣና በራሱ ገላ ላሳየው።»

የእሳቱን ዓመት ለማታውቁ ልጆች ባጭሩ ልንገራችሁ። ገበያው የሚቆመው በላይ ሰፈር ይሁን ወይስ በታች ሰፈር ነው ጠቡ። በቃ፣ ይኸው ነው። በቃላት ተጀመረ፣ ወደ ዱላ ሄደ፣ ከዱላው አንድ ሰው ሞተ። ከዚያ በኋላ ተገዳደልን። ቡና አብሮ የጠጣ ጎረቤት ጎረቤቱን በአልጋው ላይ አረደው። ድልድዩ ላይ ደሙ ስለረጋ የሚራመድ ሰው ጫማ ይያዝ ነበር። ወንዙ ሬሳ ይዞ ሲወርድ ውሃ የሚቀዳ ጠፋ። ይህን የምነግራችሁ ላስደነግጣችሁ አይደለም። የሆነው ይህ ስለሆነ ነው።

ሲስተር ያኔ የጤና ጣቢያው ወጣት ነርስ ናት። ቁስለኛው ከሁለቱም ሰፈር ይመጣል። አልጋ አለቀ። ወለሉ ላይ ጎን ለጎን አስተኛቻቸው። የሐኪም ክር ሲያልቅባት በልብስ ክር ሰፋች። አንዱ ሆዱ ተቀዶ ተሰፍቶ፣ አጠገቡ የተኛውን ሊያንቅ በእንብርክኩ ተነሣ። የብረት ፖፖ አንሥታ ግንባሩን ብላ አስተኛችው። «ክሬን አትበጥስብኝ» አለችው። ይህን የነገረኝ የተመታው ሰውዬ ራሱ ነው፤ እየሣቀ ነው የነገረኝ።

በዚያው ሰሞን ወንድሟ ጠፋ። ፀጉር አስተካካይ ነበር። ደንበኛው ፊት ላይ አረፋ ቀብቶ ምላጩን ሲያነሣ ነው አንጠልጥለው ያወጡት። ደንበኛው አረፋውን እንደተቀባ በጓሮ ሮጦ አመለጠ። ወንድሟ ወጥቶ ቀረ። ሬሳውም አልተገኘም። የተረፈው ወንበሩ ነው። ሙዚየሙን የጀመረችው በዚያ ወንበር ነው፤ ቤቷ ውስጥ ማየት ሲያቅታት፣ መጣልም ሲያቅታት።

አሁን ስለ ሽማግሌው ልንገራችሁ። ስሙን ታውቁታላችሁ፤ እኔ ባለልኳንዳው ልበለው። የላይ ሰፈር ሰው ነው። ከእሱ ሥጋ ያልገዛ የለም።

ካቻምና ነው፣ ከሰዓት በኋላ። ጎብኚ አልነበረም። ሲስተር የኋለኛው ክፍል ውስጥ መስተዋት ትወለውላለች። እኔ በር ላይ ጋዜጣ አነባለሁ። ሽማግሌው ገባ። ከባርኔጣው ሥር ላብ ይወርዳል። ሚዛኑን አላየ። ደወሉን አላየ። የፀጉር አስተካካዩ ወንበር ጋ ሲደርስ ቆም አለ፤ መደገፊያውን በጣቱ ነካ አደረገና አለፈ። አኳኋኑ ስላላማረኝ ተከተልኩት። የኋለኛው ክፍል ገብቶ አንድ ሳጥን ፊት ቀጥ አለ። ሳጥኑ ውስጥ አሸዋ የሚያወጡ ሰዎች ከድልድዩ ሥር ያገኙት የልኳንዳ መጥረቢያ ነበር።

«አባባ፣ ደከምዎ? ወንበር ላምጣልዎ?» አልኩት።

«ይሄ የኔ ነው» አለ።

«ምኑ?»

«መጥረቢያው። እጀታው ሲሰነጠቅ በመዳብ ሽቦ ያሰርኩት እኔ ነኝ።»

ሲስተር ጨርቋን እንደያዘች ዞረች።

«ማንን መታህበት?» አለችው። አንቱ አላለችውም።

«ፀጉር አስተካካዩን።»

«ወንድሜ ነው።»

«አውቃለሁ። እሱን ልነግርሽ ነው የመጣሁት።»

ወገኖቼ፣ ምን ያደረገች ይመስላችኋል? አለቀሰች? ራሷን ሳተች? መስተዋቱን በክርኗ አደቀቀችው። ስብርባሪው ክንዷን ተረተረው። መጥረቢያውን መዝዛ አወጣችና ሽማግሌውን ከግድግዳው ጋር አጣበቀችው። ስንት በሽተኛ ሲያነሣ የኖረ ክንድ ነው፤ እርጅና አልቀነሰውም። ስለቱን ጉሮሮው ላይ አደረገች። ደሟ በእጀታው እየወረደ አንገትጌው ላይ ይንጠባጠባል። ልገላግል ስጠጋ በዓይኗ መለሰችኝ።

«ምቺኝ» አላት።

«የት ጣላችሁት?»

«ምቺኝና ልረፍ።»

«የት ጣላችሁት ነው የምልህ?»

«ወፍጮ ቤቱ ጓሮ። ጉድጓዱ ውስጥ።»

«ብቻውን ነው?»

ሽማግሌው ዓይኑን ጨፈነ። «አይደለም» አለ።

መጥረቢያውን ወደ ላይ አነሣችው። አለቀለት አልኩ። አዙራ በጀርባው ትከሻውን አለችው። አጥንቱ ቀጭ ሲል ሰማሁ። ሰውዬው ተንሸራቶ ወደቀ። እሷም አጠገቡ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ ሻሿን ከራሷ ላይ ፈታች፤ ክንዱን አጥፋ ደረቱ ላይ አሰረችለት። «አልገድልህም» አለችው እያሰረች። «ገድዬህ ማን ያሳየኛል?»

ወፍጮ ቤቱን ታውቁታላችሁ። ያ ጣሪያው የወደቀው። የማን ነበር? የአባቴ ነበር። አባቴ በእሳቱ ዓመት ጠፋ። ገና ልጅ ነበርኩ። ጎረቤት ለእናቴ ምን አላት? «ባልሽ ሌላ ሴት ይዞ ኮበለለ» አላት። አመነች። ምን ታድርግ፤ ሬሳ የለ፣ የሚመሰክር የለ። እስክትሞት ረገመችው። እኔም አባት የለኝም እያልኩ አደግሁ፣ አገባሁ፣ ልጆች ወለድኩ። ልጆቼ ስለ አያታቸው ሲጠይቁኝ ወሬ እቀይር ነበር።

ቆፋሪዎች ይዘን ሄድን። ጉድጓዱ በድንጋይና በአፈር ተሞልቷል። ሽማግሌው ክንዱ እንደታሰረ ዳር ላይ ቆሞ «ቀጥሉ፣ ገና ነው» ይላል። መጀመሪያ አንድ ራስ ቅል ወጣ፤ ከጆሮው በላይ ለሁለት ተሰንጥቋል። ሲስተር ጭኗ ላይ አድርጋ አፈሩን በጣቷ ጠረገች። የፊት ጥርሱ መሐል ክፍተት ነበር። «እሱ ነው» አለች። ከዚያ ሌላ ሰው ወጣ። ከዚያ ሌላ። ከሁሉም ሥር፣ ከጉድጓዱ መጨረሻ፣ ቁጭ ያለ ሰው አጥንት ነበር። ሲስተር ራሷ በመሰላል ወረደች። ብዙ ቆየችና ከውስጥ ጠራችኝ።

«መምህር።»

«አቤት።»

«አባትህ ያነክስ ነበር?»

«አዎ። በልጅነቱ እግሩ ተሰብሮ ነበር ይሉ ነበር።»

ወጣች። አፈር በአፈር በሆነ እጇ ፊቴን ያዘችኝ።

ሽማግሌው ነገረን። አባቴ የታች ሰፈር ሰዎችን ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ደብቆ ነበር። የገዛ ሰፈሩ ሰዎች መጡ። «አውጣቸው» አሉት። «እህል ብቻ ነው ያለው» አላቸው። በሩን በጀርባው ደግፎ ቆመ። መጀመሪያ የጣሉት እሱን ነው። «ከነነፍሱ ነው የወረወርነው» አለ ሽማግሌው። «ሌሎቹን ግን ገድለን ነው በላዩ የጣልናቸው። ፀጉር አስተካካዩንም እዚያው አምጥተን። አባትህ ከሥር ሆኖ ይሰማን ነበር።»

ይህን የሰማሁት በቁሜ ነው። ዶማው እጄ ላይ ነበር። ሲስተር እጄን አየች፤ ዶማውን አየች። ሳትቆጣ፣ ሳትለምነኝ፣ በመሐላችን ገብታ ቆመች። «ያለውን ይጨርስ፤ ከዚያ እንዳሻህ» አለችኝ። ሽማግሌው ሲናገር ዋለ። ሲጨርስ ዶማውን ማን ከእጄ እንደወሰደው አላስታውስም። ከዚያ ወዲህ «የላይ ነህ የታች?» ለሚለኝ ሰው «የወፍጮ ቤቱ ልጅ ነኝ» እላለሁ።

ምን አልክ? ድምፅህን ከፍ አድርገው፣ አልሰማሁህም።

«ያ ነፍሰ ገዳይ እዚህ ምን ይሠራል?» ነው የምትለው። እውነት ነው፣ እዚህ አለ። ከዛፉ ሥር፣ ራሱ በፋሻ የተጠቀለለው እሱ ነው። ጠርቼው ነው የመጣው። እኔም ብቻዬን አልጠራሁትም፤ እሷ ናት ያዘዘችኝ። ከመሞቷ በፊት «ቀብሬን ይምጣና ቆሞ ይየው» አለችኝ። እንዲያይ ነው የመጣው። አትንኩት። አስቀድማችሁ የቀረውን ስሙ።

ከጉድጓዱ በኋላ ሲስተር ሽማግሌውን አንድ ነገር አዘዘችው። ፖሊስም ቃሉን ተቀብሎታል፤ ዕድሜውን አይተው በዋስ ለቀቁት። እሷ ግን አለቀቀችውም። «ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣህ ትናገራለህ» አለችው። መጣ። ሳጥኑ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ለጎብኚ ይናገራል። «መታሁት» ይላል። «ስሙን አውቀው ነበር። ፀጉሬን የሚያስተካክለኝ እሱ ነበር። ሲያየኝ ያተርፈኛል ብሎ ፈገግ አለ።» ከዚህ በላይ አይልም፤ ከዚህ በታችም አይልም። አንዲት ሴት ፊቱ ላይ ተፋችበት። ቀና ብሎ ሲስተርን አያት። «ራስህ ጥረገው» አለችው።

አንድ ጎብኚ ግን በስልኩ ቀረጸው። ቀረጻው ከሰው ሰው ተዛመተ። የሽማግሌው ልጅ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። መኪና በሚያቆሙበት ሁሉ ይሥቁበት ጀመር። «የጉድጓዱ ልጅ፣ ዛሬ ማንን ጭነህ ነው?» ይሉታል። አስቡት። ያልሠራውን፣ ሳይወለድ የተሠራውን ተሸከመ። እንድታዝኑለት አይደለም የምነግራችሁ። ምን እንዳመጣው እንድታውቁ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ የጎማ መፍቻውን ብረት ይዞ ገባ። ጎብኚዎች ነበሩ፤ ወጡ፣ ተራወጡ። ሚዛኑን መታው። የሙሽራ ልብሶቹን ሳጥን መታው። የመስተዋት ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። የኋለኛው ክፍል ደረሰ። አባቱ ከበርጩማው ተነሣ።

«ልጄ፣ ወደ ቤት ሂድ» አለው።

«አፍህን ዝጋ። አፍህን ብትዘጋ ኖሮ።» ይህን እያለ አባቱን ራሱ ላይ መታው። ሽማግሌው በርጩማው ላይ ተደፋ። ሊደግመው ብረቱን አነሣ። ደርሼ ወገቡን ስይዘው በክርኑ አፍንጫዬን ሰበረኝ። ይኸው፣ እንዳያችሁት ነው።

ሲስተር መጣች። ሮጣ አይደለም፤ እየተራመደች መጣች። ብረቱን የያዘበትን እጅ በሁለት እጇ ይዛ ነከሰችው። እስከ አጥንት ነከሰችው። ጮኸ። ብረቱን ወደ ግራ እጁ አዛወረና መታት። አንድ ጊዜ ነው የመታት። እዚህ ጋ፣ ከዓይኗ ጎን። ግድግዳውን ይዛ ቆመች፤ ቆመች፤ ከዚያ ተቀመጠች። ደሟ በጆሮዋ ወጣ። ልጁ አልሸሸም። ብረቱን ይዞ ከአባቱና ከእሷ መሐል ወለሉ ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን ያቃስት ነበር። ሰዎች ገብተው ሊቀጠቅጡት ሲሉ ፖሊስ ደረሰ።

ሆስፒታል ውስጥ ነቃ ያለችበት ጊዜ ነበር። ሴት ልጇና እኔ አጠገቧ ነን።

«ልጁስ?» አለችኝ።

«ፖሊስ ይዞታል።»

«አለ?»

«አለ። ሊገድሉት ነበር።»

«እንዳይገድሉት።»

«ይቅር አልሽው ወይ?» አልኳት። ሞኝነቴ ነው።

አንዱ ዓይኗ ነው የሚገለጠው፤ በእሱ ገላመጠችኝ። «አብደሃል? ራሴን ፈልጦኝ ነው ይቅር የምለው? ይፈረድበት። ይታሰር። ግን ይኑር። እዚያ ቤት ሌላ ሬሳ እንዳይወጣ።»

ስለዚህ አደራ። ይቅር ብላ ሞተች ብላችሁ እንዳታወሩ። ይቅር አላለችም። ለሽማግሌውም፣ ለልጁም አላለችም። ይቅር አለማለት መብቷ ነበር። አለመግደል ግን ሥራዋ ነበር፤ ከዚያ ከወለሉ ላይ ካስተኛቻቸው ቁስለኞች ጀምሮ ሥራዋ ነበር።

እንግዲህ እናንተ ከግንቡ ሥር ያላችሁ ልጆች። አሁን ለእናንተ ነው። አፍንጫዬ ቢሰበርም ቤንዚን ይሸተኛል። ከግንቡ ጀርባ ጀሪካን አለ። ከዚህ ስትመለሱ ልኳንዳ ቤቱን ልታቃጥሉ ነው። ከበላዩ ያለው ቤት ውስጥ የሹፌሩ ሚስት አራስ ሆና ተኝታለች። ይህን ታውቃላችሁ። የማታውቁትን ልንገራችሁ፤ ታሪክ አስተማሪ አይደለሁ? የእሳቱ ዓመት እንዴት ነው የተጀመረው? በዱላው አንድ ሰው ሞተ ብያችኋለሁ። ሰውዬው ተቀበረ። እዚሁ፣ በዚህ መቃብር። ከቀብር ሲመለሱ ነው የመጀመሪያውን ቤት ያቃጠሉት። ያኔም ልጆች ነበሩ። ያኔም ሐዘን ነበር። ያኔም «ደማችን ፈሰሰ» ነበር የሚሉት፤ እውነታቸውንም ነበር። ከእነዚያ ልጆች አንዱ ያውና፣ ከዛፉ ሥር ቆሟል። ሂዱና ጠይቁት። ያን ቀን ጀሪካኑን ማን እንደያዘ ይነግራችኋል።

መምታት ያማራችሁ ካላችሁ፣ እኔም የላይ ሰፈር ልጅ ነኝ። እዚሁ ነኝ። ደግሞ የሚሰበር አፍንጫ አልቀረኝም።

የት ትሄጃለሽ ልጄ?

መንገድ ስጧት። የሲስተር ልጅ ናት። መንገድ ስጧት እባካችሁ፤ ትለፍ።

ወደ ግንቡ ነው የምትሄደው። ዝም በሏት። አንተ ረጅሙ፣ ከፊቷ ዞር በል። እናቷን ልትቀብር የመጣች ናት፤ ከአንተ ጋር ትግል አትግጠም። ተወው፤ ጀሪካኑን ልቀቅላት።

አመሰግናለሁ ልጄ። ልቀቅ ስትባል የለቀቅከው አንተንም አመሰግናለሁ።

እየተመለሰች ነው። ይዛዋለች። ከብዷታል፤ አንዳችሁ አግዟት። አንተ ራስህ አግዛት። እንደሱ። እዚህ አስቀምጡት፣ ከእግሬ ሥር። ክዳኑን አጥብቁት፤ እንዳይፈስ።

ና፣ አንተም እዚህ አጠገቤ ቁም። እያለቀስክ ነው፤ አታፍር። እኔም እያለቀስኩ ነው።

ሲስተር፣ አሁን ከአንቺ ጋር ነኝ።

ከጤና ጣቢያው ጀምሮ እስከ ሙዚየሙ ድረስ በደንብ ተኝተሽ አታውቂም። በርሽ ሲንኳኳ ትነሺ ነበር። ምጥ የያዛት ቢሆን፣ የተወጋ ቢሆን፣ የገደለ ቢሆን፣ ማን እንደሆነ ሳትጠይቂ ትነሺ ነበር። ከእንግዲህ ቢንኳኳም አትነሺ። እኛ እንከፍታለን።

ደህና ሁኚ እህቴ። አፈሩ ይቅለልሽ። ተኚ።